ሲሲኤንኤ አልፌያለሁ፤ የባለ 5 ፎቅ ኔትወርክ ንድፍ ስጠየቅ ግን እጄ ታሰረ

ፖርት_24 | ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ለረጅም ጊዜ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ሲሲኤንኤ (የሲስኮን የኔትወርክ ፈተና) ካለፍኩ 7 ወር ሆነኝ። ቪላን መፍጠር (አንዱን ኔትወርክ በውስጡ መከፋፈል)፣ ትራንክ ማድረግ (ብዙ ቪላን በአንድ ኬብል ማሳለፍ)፣ ኦኤስፒኤፍ ማስነሳት (ራውተሮች መንገድ እንዲነጋገሩ ማድረግ) አያቅተኝም። የተበላሸ ሲሰጠኝም ፈልጌ አገኛለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አለቃዬ ጠራኝና መስሪያ ቤቱ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ሕንፃ ሊዛወር ስለሆነ የአዲሱን ኔትወርክ ነድፌ እንዳመጣ ነገረኝ።

5 ፎቅ፣ 220 ሠራተኛ ገደማ። አዳማ አንድ፣ ሐዋሳ አንድ ቅርንጫፍ። 60 የአይፒ ስልክ፣ 24 ካሜራ፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ያለበት ሰርቨር፣ ዋይፋይ ለሠራተኛና ለእንግዳ።

ነጭ ወረቀት አወጣሁ። መሃሉ ላይ አንድ ራውተር ሳልኩ። ከዚያ 2 ቀን ሙሉ ራውተሩን ሳየው ዋልኩ። ስንት ስዊች (የሕንፃው ዕቃዎች በኬብል የሚሰኩበት ሳጥን)? የት የት? ለምን? ስንማር ንድፉ አልቆ ነበር የሚሰጠን፤ የኛ ሥራ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነበር። ከየት ነው የሚጀመረው? ፕሮፎርማ ሐሙስ ይፈለጋል ተብያለሁ።

ሙዝ_ልጣጭ | ሰኞ፣ ማታ 2:52

ወንድሜ ራስህን አታስጨንቅ። ባለ 48 ፖርት (መሰኪያ) ስዊች 5፣ ለየፎቁ አንድ። ከታች ወደ ላይ አያይዛቸው። ራውተሩን ከታችኛው ላይ ሰካ። አለቀ ደቀቀ። ሐሙስንም አትጠብቅ፣ ነገ ፕሮፎርማ ሰብስብ። እኛ ቢሮ 6 ዓመት እንዲሁ ነው የሚሠራው።

የድሮ_ኬብል | ሰኞ፣ ማታ 3:25

ሙዝ፣ ያንተን ቢሮ እግዜር ይጠብቀው። ኋላ እመለስበታለሁ።

ፖርት_24፣ እጅህ የታሰረው ስላላወቅክ አይደለም። ጥያቄው ሳይኖርህ መልሱን ስለፈለግክ ነው። ራውተሩን አጥፋው። ስዊች የሚባል ነገር መኖሩን ለ3 ቀን እርሳ። ለአለቃህም ሐሙስ አይደርስም በል። ዛሬ ቢቆጣህ ይሻላል፤ ዕቃው ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ቁጣ ሌላ ነው።

ደብተር ያዝና ሰዎቹን ዙር። ከሂሳብ ክፍል ጀምር። ሶፍትዌሩ ቢቆም ምን እንደሚሆኑ ጠይቅ። "ደሞዝ የምንሠራበት ቀን ከሆነ አንድ ሰዓትም አንችል፤ ሌላ ጊዜ ግማሽ ቀን ብንቆም ችግር የለም" ቢሉህ፣ ያቺ አንዲት መልስ ከስዊች ካታሎግ ሁሉ ትበልጣለች። ምን ያህል መቆም እንደሚቻል ነግረውሃል። ስለዚህ ምን ያህል ገንዘብ ማውጣት እንደሚገባም ነግረውሃል።

ከዚያ ጥበቃዎቹ ጋ ሂድ። የካሜራው ምስል የሚቀዳው የት ነው? ሕንፃው ውስጥ ከሆነ ያ ትራፊክ የኢንተርኔት መስመርህን አይነካም፣ ግን ቀንና ሌሊት በስዊቾችህ መካከል ይፈሳል። ሽያጮች ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ኢንተርኔት ላይ ነው ወይስ ሰርቨሩ ላይ? አዳማ ያሉት ሰርቨሩ ቢጠፋባቸው ሥራ ይቆማል? ከ3 ዓመት በኋላ ስንት ሰው ይኖራል? ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ካላወቅክ የምትስለው ሥዕል ጌጥ ነው።

አንድ የምትረሳ ጥያቄ አለች። አንተ ፈቃድ ስትወጣ ማነው የሚነካው? ለሌላ ሰው የማይገባ ኔትወርክ ብትነድፍ ፈቃድህ በስልክ ያልቃል።

ንብርብር_3 | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

የድሮ ኬብል ያሉት ትክክል ነው። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም እዚሁ ላይ ነው የሚወድቁት። ውቅር ጻፉ ሲባሉ ይጽፋሉ። "ለምን እዚህ አደረግከው?" ሲባሉ ዝም።

ጥያቄው ከተመለሰ በኋላ ሥዕሉን በሦስት ደረጃ ማሰብ ይጠቅማል። ሲስኮ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያስተምረው አቀማመጥ ነው፤ የሌሎች አምራቾች ሰዎችም ይጠቀሙበታል። አክሰስ፣ ዲስትሪቢዩሽን፣ ኮር። እኔ ክፍል ውስጥ በመንገድ ነው የማስረዳው። አክሰስ የሰፈር ውስጥ መንገድ ነው፤ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት። ኮምፒውተሩ፣ ስልኩ፣ ካሜራው የሚሰካው እዚህ ነው። ዲስትሪቢዩሽን የሰፈሩ መንገዶች ተሰብስበው ወደ ዋናው የሚገቡበት አደባባይ ነው፤ ትራፊክ ፖሊሱ የሚቆመው እዚያ ነው። ማን የት ይለፍ፣ ማን አይለፍ የሚወሰነው እዚህ ነው። ኮር ቀለበት መንገድ ነው። እዚያ ላይ ማንም ቆሞ አያስፈትሽም፣ ሥራው በፍጥነት ማሳለፍ ብቻ ነው።

አሁን የምለውን ልብ በል። ለ220 ሰው ሦስቱም አያስፈልጉህም። ዲስትሪቢዩሽኑንና ኮሩን አንድ ላይ ታደርጋቸዋለህ፤ ኮላፕስድ ኮር ይባላል። በሰርቨር ክፍል ሁለት ሌየር 3 ስዊቾች (በኔትወርኮች መካከል መንገድ የሚመርጡ)፣ በየፎቁ የአክሰስ ስዊቾች፣ እያንዳንዱ ፎቅ ከሁለቱም ጋር የተያያዘ። ሦስተኛው ደረጃ የሚመጣው ብዙ ሕንፃ ሲኖርህ ነው።

የሦስቱ ደረጃዎች ጥቅም ውበት አይደለም። አንድ ነገር ሲበላሽ ብልሽቱ የት እንደሚቆም ታውቃለህ።

ፖርት_24 | ማክሰኞ፣ ምሽት 12:15

በመጀመሪያ፣ እህታችሁ ነኝ። ዝም ካልኩ ዓመቱን ሙሉ ወንድሜ ልትሉኝ ነው።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዞርኩ። ከተማርኩት ሁሉ ይህች አንድ ቀን ሳትበልጥ አትቀርም።

ሂሳብ ክፍል፦ ደሞዝ የሚሠራበት 2 ቀን ፈጽሞ መቆም የለበትም። ሌላ ጊዜ 3 ሰዓት ይታገሳሉ። ሐዋሳ ያሉት ሰርቨሩ ከሌለ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። የካሜራው መቅጃ ደግሞ ሊቀመጥ የታሰበው ግቢው በር ላይ፣ ጥበቃ ቤት ውስጥ ነው። ከ2ኛ ፎቅ ሰርቨር ክፍል እስከ እዚያ በኬብሉ መንገድ ለካሁት። 130 ሜትር።

ሙዝ ያልከውንም ቆጠርኩት። 3ኛ ፎቅ ላይ ብቻ 52 ሰው፣ 6 ካሜራ፣ 4 አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ)፣ 3 ፕሪንተር። 65 ሆነ። ባለ 48 ፖርትህ አይበቃም።

ሙዝ_ልጣጭ | ማክሰኞ፣ ምሽት 12:31

ይቅርታ እህቴ። ለ17ቱ ደግሞ ትንሽዬ ስዊች ጠረጴዛ ስር ወርወር ታደርጊያለሽ። 😄

የድሮ_ኬብል | ማክሰኞ፣ ማታ 1:05

እሺ፣ ወደዚች ትንሽዬ ስዊች እንምጣ።

የዛሬ 9 ዓመት አንድ ድርጅት ጠሩኝ። "ኔትወርኩ ቀስ ብሏል፣ ስዊች ይቀየርልን" ነው ያሉት። ሄድኩ። ሰርቨር ክፍል ያለው ዕቃ አዲስ ነው፣ ውድ ነው፣ ምንም የለበትም። ግማሽ ቀን ስፈልግ ዋልኩ። በመጨረሻ ስፓኒንግ ትሪውን አየሁት። የሕንፃው ሩት ብሪጅ (የስዊቾቹ አለቃ) ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እንግዳ መቀበያዋ ጠረጴዛ ስር፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ጀርባ ያለ፣ ከስቶር የወጣ አሮጌ ስዊች። ላዩ ላይ የማኪያቶ ክብ ነበረበት። ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላው የሚሄደው ሁሉ ዞሮ ዞሮ በእሱ ነበር የሚያልፈው።

ለማያውቁት ላስረዳ። ስዊቾችን በክብ ካያያዝክ ፓኬቱ እየዞረ ይባዛል፣ በሰከንዶች ውስጥ ሁሉም ይታነቃል። ይህን ለማስቀረት ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሳለች ስፓኒንግ ትሪን ሠራች። ስዊቾቹ ተመካክረው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፣ ትርፍ መንገዶችን ይዘጋሉ። ምርጫው በፕራዮሪቲ ቁጥር ነው፤ ትንሹ ያሸንፋል። ካልነካካኸው ሁሉም 32768 ናቸው። እኩል ከሆኑ ደግሞ ትንሽ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ መለያ ቁጥር) ያለው ይመረጣል። አሮጌ ዕቃ ብዙውን ጊዜ አነስ ያለ ማክ አለው። በቃ፣ ሽማግሌው ነገሠ!

መድኃኒቱ ሁለት መስመር ናት። ፖርት፣ አንደኛውን ኮርሽን 4096፣ ሁለተኛውን 8192 አድርጊው። ከዚያ ሰው በሚሰካበት ፖርት ሁሉ ላይ ቢፒዲዩ ጋርድ አብሪ። ሙዝን የመሰለ ሰው ስፓኒንግ ትሪ የሚናገር ስዊች ሲወረውር ፖርቱ ራሱ ይዘጋበታል።

አሽበርን_ማታ | ማክሰኞ፣ ማታ 5:48

ቨርጂኒያ፣ አሽበርን፣ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነኝ። እዚህ ገና ከሰዓት ነው፣ ሽፍት ልገባ ስል አየኋችሁ። ለሙዝ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገረው።

ቦስተን ውስጥ ቤት እስራኤል ዲከነስ የሚባል ትልቅ ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 ኔትወርካቸው ተዘረረ። ደካማ ሆስፒታል እንዳይመስልህ፤ በኮምፒውተር አሠራሩ ስም ያለው ነበር። ችግሩ ኔትወርኩ አለመነደፉ ነው። አንድ ክፍል ሲጨመር አንድ ስዊች፣ ሌላ ሲጨመር ሌላ ስዊች፣ ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ። የስፓኒንግ ትሪ ሰዓት ቆጣሪዎች ሲወጠኑ ከዳር እስከ ዳር ቢበዛ 7 ስዊች ተብሎ ነው። እነሱ ሳያውቁት አልፈውታል። አንድ ቀን ከአንድ ተመራማሪ ኮምፒውተር ከባድ ዳታ ፈሰሰ፣ መስመሩ ተጨናነቀ፣ ስዊቾቹ መደማመጥ አቃታቸው፣ ሉፕ (መቆሚያ የሌለው ዙረት) ሆነ። ለ4 ቀን ገደማ ሐኪሞቹ በወረቀት ሠሩ። የላብራቶሪ ውጤት ሰው በእግሩ ይዞ ይሮጥ ነበር። የአይቲ ኃላፊው ጆን ሃላምካ ነገሩን ሳይደብቅ ለሕዝብ ተናግሯል፤ ለዚህ ነው ዛሬም ትምህርት የሚሰጥበት።

ያ ኔትወርክም ለዓመታት "እንዲሁ ይሠራ" ነበር።

ሻርጃ_ነኝ | ረቡዕ፣ ጠዋት 12:40

እኔ የኬብል ሰው ነኝ፣ ከላይ ያላችሁት ፕሮቶኮል ብዙ አይመለከተኝም። 11 ዓመት ኤምሬትስ ውስጥ ጣሪያ ስር ስሳብ ኖሬያለሁ። ግን እህቴ፣ 130 ሜትር ያልሽው ላይ ቁሚ።

የመዳብ ኬብል ገደቡ 100 ሜትር ነው። 90ው ግድግዳ ውስጥ የሚቀመጠው፣ 10ሩ ለሁለቱ ጫፍ ፓች ኮርድ (አጭር ማገናኛ ኬብል)። ካት 6 ነው፣ ካት 6ኤ ነው ብለው ሊያሳምኑሽ ይሞክራሉ፣ ርዝመቱን አይጨምርም። በ130 ሜትር መብራቱ ሊበራልሽ ይችላል። እሱ ነው የሚያሳስተው። ዝናብ ሲመጣ፣ ሙቀት ሲጨምር ይቆራረጥብሻል፣ ጥበቃው "ካሜራው ታሟል" ይልሻል። ወደ ጥበቃ ቤቱ ፋይበር ውሰጂ። በፎቆቹ መካከልም ፋይበር። ወይም መቅጃውን ሰርቨር ክፍል አስገቢውና ለጥበቃው ማያ ብቻ ስጪው። መቅጃውን በር ላይ ማስቀመጥ ለሌባው ማስረጃውን ማስረከብ ነው።

ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ። ካሜራሽ በኬብሉ ነው ኃይል የሚያገኘው። በ802.3ኤኤፍ (በኔትወርክ ኬብል ኃይል የማስተላለፊያ ደረጃ) አንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። 24 ካሜራ በሙሉ ቢሰላ 369.6 ዋት። በተጨማሪ 60 ስልክ፣ አክሰስ ፖይንት። ስዊች ስትገዢ የፖርት ቁጥር ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ስንት ዋት ማከፋፈል እንደሚችል ተመልከቺ። 48 ፖርት ሁሉ 48 ካሜራ አያበራም። የተሸወደ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ፖርት_24 | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:20

ይህን ማንም አልነገረኝም! ዩፒኤስ ያሰብኩት ለሰርቨር ክፍሉ ብቻ ነበር።

ሻርጃ_ነኝ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:34

እንግዲያው መብራት ሲሄድ ሰርቨርሽ በክብር ይበራል፣ የሚያናግረው ሰው ግን የለም። 😅 በየፎቁ ላለችው ራክም (የስዊቾቹ ቁም ሳጥን) ትንሽ ዩፒኤስ አድርጊ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ የምታቆይ። ስልኩም ካሜራውም በሱ ይቆያሉ። የፎቅ ራኩን ደግሞ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ አትስቀይ። ቀልድ አይደለም፤ አይቻለሁ።

ፖርት_24 | ረቡዕ፣ ማታ 2:05

የአድራሻ አከፋፈሉን ሞከርኩ። ተመልከቱልኝ፦

192.168.1.0/24 ለሁሉም ኮምፒውተር፣ 192.168.2.0/24 ለስልክ፣ 192.168.3.0/24 ለካሜራ፣ 192.168.4.0/24 ለዋይፋይ። አዳማ 192.168.5.0፣ ሐዋሳ 192.168.6.0።

ንብርብር_3 | ረቡዕ፣ ማታ 2:50

እህቴ፣ ቁጥሩ ይሠራል። ለማደግ ግን ቦታ የለውም። አራት ነገር ልበልሽ።

አንደኛ፣ 192.168.1.0ን ተዪው። ብዙ የቤት ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ ይህን ወይም 192.168.0.0ን ይዞ ነው። ሠራተኛ ከቤቱ በቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ ምስጢራዊ መስመር) ሲገባ የቤቱና የቢሮው አድራሻ አንድ ይሆንበታል። ኮምፒውተሩ የቢሮውን ሰርቨር ሳሎን ውስጥ ይፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ቆጥረሽ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ቁጠሪ። ስላሽ 24 የሚይዘው 254 አድራሻ ነው። 220 ሠራተኛ ላፕቶፕም ስልክም ዋይፋይ ላይ ቢያደርግ 440 ነው። ለሠራተኛ ዋይፋይ ስላሽ 23 ስጪ፤ 510 ይይዛል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ራሱ እንዲናገር አድርጊው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 (የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ) የ10 ቤተሰብን፣ ማለትም በ10 የሚጀምሩትን አድራሻዎች፣ ሙሉ ለግል መጠቀሚያ ሰጥቶናል። ሰፊ ነው፣ ተጠቀሚበት። ዋናው ቢሮ 10.10፣ አዳማ 10.20፣ ሐዋሳ 10.30። ሦስተኛው ቁጥር የቪላኑ ቁጥር ይሁን። 1ኛ ፎቅ ቪላን 21፣ 2ኛ ፎቅ 22፣ እያለ እስከ 25። ስልክ 30፣ ካሜራ 40፣ እንግዳ 50፣ ሰርቨር 60፣ የሠራተኛ ዋይፋይ 70፣ የዕቃዎቹ ማስተዳደሪያ 99። ቪላን 1 ላይ ማንንም አታስቀምጪ። 10.30.40.12 ሲያስቸግርሽ ማንንም ሳትጠይቂ የሐዋሳ ካሜራ መሆኑን ታውቂያለሽ።

አራተኛው ከሦስተኛው የሚመጣ ነው። ዋናው ቢሮ ውስጥ 12 ሰብኔት (የአድራሻ ክፍልፋይ) ቢኖር እንኳ ለአዳማው ራውተር አንድ መስመር ብቻ ይነገረዋል፤ 10.10.0.0/16 እዚህ ነው። ነገ ቪላን ብትጨምሪ አዳማ ማወቅ አያስፈልገውም። አንቺ በቁጥር ስትበታትኚው ግን አንድ ነገር በነካሽ ቁጥር ሦስት ከተማ መንካት አለብሽ።

ቆጣቢው | ረቡዕ፣ ማታ 4:10

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን የሰው ገንዘብ ታበዛላችሁ። ሁለት ኮር፣ ሁለት ፋይበር፣ በየፎቁ ዩፒኤስ። የኢንተርኔት መስመሩ አንድ ነው! አንዱ ፋይበር መንገድ ሥራ ላይ ሲቆረጥ ሁለቱ ኮር ተያይተው ከመሳቅ ሌላ ምን ይሠራሉ? እኔ ብሆን አንድ ደህና ኮር ገዝቼ በተረፈው ሁለተኛ ኢንተርኔት አስገባለሁ።

የድሮ_ኬብል | ረቡዕ፣ ማታ 4:45

ቆጣቢው ግማሽ እውነት አለው። የኢንተርኔት መስመር ሁለት ቢሆን፣ ከሁለት አቅራቢ ቢሆን እኔም እመርጣለሁ። አሁን ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ስላሉ ከድሮው ይሻላል። ግን የሷን ደብተር ተመልከት። ሂሳብ ክፍል የሚፈራው የኢንተርኔትን መቋረጥ አይደለም። ሰርቨሩ ሕንፃው ውስጥ ነው። ደሞዝ ቀን ኮሩ ቢሞት ደሞዝ የለም፤ ኢንተርኔት ቢሞት ግን ቢያንስ ደሞዙ ይሠራል፣ ለባንኩ በፍላሽም ቢሆን ይሄዳል።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ዕቃ በዓመት 99.9 በመቶ ይሠራል እንበል። ጥሩ ይመስላል። በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቆማል ማለት ነው። ሦስት እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በአንድ መስመር ተራ በተራ ከተቀጠሉ ግን አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። 99.7 በመቶ ይሆናል፤ በዓመት 26 ሰዓት። ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ነው ነገሩ የሚገለበጠው። 99 በመቶ ብቻ የሚሠሩ ሁለት ተራ ዕቃዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ 99.99 በመቶ ይሰጡሃል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ሁለቱ በአንድ ምክንያት አብረው መውደቅ የለባቸውም።

ስለዚህ በየፎቁ ያለው የአክሰስ ስዊች ጥንድ አያስፈልገውም። ቢሞት አንድ ፎቅ ነው፣ አንድ መጠባበቂያ ስቶር ይቀመጥ። ሁሉም የሚያልፍበት ላይ ግን አልቆጥብም።

ሻርጃ_ነኝ | ረቡዕ፣ ማታ 5:02

"አብረው መውደቅ የለባቸውም" ያልከውን በቀይ አስምሩበት። አንድ ሕንፃ ላይ ለየፎቁ ሁለት ፋይበር ዘረጋን፣ ባለቤቱ ለሁለቱም ከፈለ። አማካሪው ግን ሁለቱንም በአንድ ቱቦ አሳልፎ ነው የሳለው። በሦስተኛው ወር የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ድሪል። አንዴ ብቻ ነው ያስገባው።

እህቴ፣ ሕንፃው ሁለት የኬብል መውጫ ካለው አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ውሰጂ። ከሌለው ይህንን ለአለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂው።

አሽበርን_ማታ | ሐሙስ፣ ጠዋት 12:20

ይህንኑ በትልቁ ልድገመው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትሳፕ፣ ኢንስታግራም ለ6 ሰዓት ገደማ የጠፉበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ ዳታ ሴንተሮቹን የሚያያይዘውን የራሳቸውን መስመር አወረደው፣ ከዚያ ዲኤንኤሶቻቸው (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይሩት) ከኢንተርኔት ራሳቸውን አወጡ። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከርቀት ገብተው ለማስተካከል ሲሞክሩ የሚገቡበትም መንገድ አብሮ ወድቋል። ሰው በአካል መላክ ነበረባቸው።

ፖርት፣ አንቺ ፌስቡክ አይደለሽም። ሆኖም ፋየርዎሉ ሲበላሽ በፋየርዎሉ በኩል ልትገቢ አትችዪም። ሐዋሳ ያለው ዕቃ ላይ በኮንሶል (በዕቃው የራሱ ማስተካከያ ፖርት) የምትገቢበት፣ የራሱ ሲም ካርድ ያለው ትንሽ ራውተር አስቀምጪ። ለአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሐዋሳ ድረስ ከምትነጂ ይሻላል።

አዲስ_ገቢ_99 | ሐሙስ፣ ከሰዓት 8:15

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፤ ይህን ንድፍ የሚባለውን ለመማር የትኛውን ፈተና ልፈተን?

ንብርብር_3 | ሐሙስ፣ ማታ 1:40

የሲስኮን መንገድ ከያዝክ ድሮ ሲሲዲኤ የሚባል የንድፍ ፈተና ነበር፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 ተቋርጧል። አሁን የንድፉ ፈተና ኢኤንኤስኤልዲ፣ ቁጥሩ 300-420፣ በሲሲኤንፒ ኢንተርፕራይዝ ሥር ነው ያለው። ለጀማሪ ግን ፈተናውን አልመክርም። ፓኬት ትሬሰር (ኔትወርክ በኮምፒውተር ላይ የሚለማመዱበት ፕሮግራም) በነፃ ይገኛል፣ ኮምፒውተርህ ከቻለ ጂኤንኤስ3 ወይም ኢቭ-ኤንጂ። የምታውቀውን ሕንፃ ውሰድ፤ ትምህርት ቤትህን፣ ቀበሌውን። ቁጠር፣ ሳል፣ ሥራው፣ ከዚያ አንዱን ስዊች አጥፍተህ ምን እንደሚሆን እይ። ያጠፋኸው ስዊች ነው የሚያስተምርህ።

ፖርት_24 | እሑድ፣ ከሰዓት 10:30 (ከ4 ወር በኋላ)

ተመልሻለሁ። ውይይቱ እንዳይረሳ ብዬ።

ሐሙስ አልደረሰም። አለቃዬ ተቆጣ። ደብተሩን አሳየሁት። "ደሞዝ ቀን ፈጽሞ መቆም የለበትም" የሚለውን ሲያነብ ዝም አለና "ሁለት ኮሩን ጻፊው" አለኝ። ሁለተኛው ኢንተርኔት ለሚቀጥለው በጀት ተላልፏል፣ ቆጣቢው ደስ ይበልህ። መቅጃው ሰርቨር ክፍል ገባ። በየፎቁ ሁለት ባለ 10 ጊጋ አፕሊንክ (ከፎቁ ወደ ኮሩ የሚወስድ መስመር)፣ አንዱ በሊፍቱ ጎን፣ አንዱ በደረጃው ጎን።

ትናንት ቅዳሜ ሠራተኛ ሳይኖር ፈተንኩት። በየፎቁ አንድ ላፕቶፕ አስቀምጬ ሁሉም ሰርቨሩን ፒንግ እንዲያደርጉ ("አለህ?" እያሉ እንዲጠሩት) አደረግኩ። ከዚያ ኮር አንድን ከሶኬቱ ነቀልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልዋሽም። አራቱ ፎቆች ሁለት ሁለት ፒንግ ጠፋባቸውና ተመለሱ። 3ኛ ፎቅ አልተመለሰም። ቆየሁ። አልተመለሰም።

ውቅሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። በመጨረሻ ራኩ ኋላ ገብቼ ኬብሉን በጣቴ ተከተልኩት። የ3ኛ ፎቅ ሁለቱም ፋይበር፣ አንዱ በሊፍት ጎን አንዱ በደረጃ ጎን በክብር ወርዶ ወርዶ፣ ሁለቱም እዚያው በነቀልኩት ኮር ላይ ተሰክቷል። የፓች ፓነሉ (የኬብል መሰኪያ ሰሌዳው) ምልክት ትክክል ነው። የሰካሁት እኔ ነኝ።

ሻርጃ_ነኝ | እሑድ፣ ማታ 1:12

እንኳን ቅዳሜ ነቀልሽው! ደሞዝ ቀን ራሱ ይነቀል ነበር። ለሁለቱ ኮር የተለያየ ቀለም ፓች ኮርድ ግዢ፣ አንዱ ቢጫ አንዱ አኳ (ፈዛዛ ሰማያዊ)። ዓይን ምልክት ከማንበብ ይፈጥናል።

ሙዝ_ልጣጭ | እሑድ፣ ማታ 3:50

እኔም አንብቤ አላስቻለኝም፣ የኛን ቢሮ ቆጠርኩ። ስዊች በስዊች ላይ ከዳር እስከ ዳር 8 ነው። ሩቱ የትኛው እንደሆነ እንዴት ነው የሚታየው?

የድሮ_ኬብል | እሑድ፣ ማታ 3:58

ሾው ስፓኒንግ ትሪ በል። ሩት አይዲ ከሚለው ሥር ማክ አድራሻ ይሰጥሃል። ከዕቃዎቹ ጀርባ ካለው ጋር አመሳክር።

ሙዝ_ልጣጭ | ሰኞ፣ ጠዋት 3:15

አገኘሁት። ካፌው ውስጥ፣ ከማኪያቶ ማሽኑ ኋላ።